ወፍጮና ብርዕ በሐይቅ፣ ማዕድና ዜማ በአምባሰል

ስለ ሐይቅ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታትና የመምህራን ታሪክ ነው፤ ማን በየትኛው ዘመነ መንግሥት ለገዳሙ ርስት እንደ ሰጠ፣ ማን በማን እጅ እንደ መነኰሰ፣ የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕርግ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ሊቃውንቱ በትጋት መርምረው ጽፈውልናል፤ በዚያ ባሕር ዳርና ከዚያ ወዲያ በተደረደሩት የአምባሰል ተራሮች ሥር ግን ሰው በቤቱ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ፣ ምን እየበላ ምን እያነበበ፣ ምን እየፈተለ ምን እያዜመ ልጆቹን እንዳሳደገ የሚናገር ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። እኔ ደግሞ ሁለቱ ታሪኮች ተነጣጥለው የሚነገሩ አይመስለኝም፤ ስለ ምን ቢሉ፣ የሐይቅ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ከጓዳና ከምድጃ ርቆ አያውቅም፤ ብርዑን ያያዘው እጅ መጁንም የያዘ እጅ ነበረና።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሥፍራ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ፣ ከጎረቤቱ ከአርድቦ የሚወርደውን ውሃ እየተቀበለ ራሱ ግን መውጫ የሌለው ባሕር ነው። በዙሪያው ያለው አገር እግረኛ በአንድ ቀን መንገድ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ተነሥቶ፣ የጤፉን ወይና ደጋ አቋርጦ፣ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ የሚደርስበት ስለ ሆነ፣ የአካባቢው ባልትና ከዚሁ ከምድሩ መለያየት የተነሣ ብዙ ዓይነት ነው፤ የቆላው ሰው ማሽላውን፣ የደጋው ሰው ገብሱን ይዞ በገበያ ይገናኛል፤ በአንድ ሞሰብ ላይም የሦስት አየር እህል ተሰናድቶ ይቀርባል።

በባሕሩ ውስጥ በነበረችው ደሴት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የተተከለው በ9ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ሆነ ትውፊት ይናገራል። ቦታውን ግን የትምህርት መናገሻ ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው፤ እኚህ አባት በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረውና መንኵሰው፣ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው ወንበር ዘረጉ፤ በኋላ በሸዋ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ ከዚያ ገብተው በረድእነት አገለገሉ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያጻፉት ባለ ሥዕል ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ መልክ ተሥሎበታል፤ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝርም ተመዝግቦበታል፤ በአገራችን ዘመናቸው ከታወቀ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው።

ይህን ወንጌል የሚያደንቁ ሰዎች ስለ ሥዕሉና ስለ ጽሕፈቱ ብዙ ይላሉ፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን መጽሐፉ ከምን እንደ ተሠራ ማሰብ ነው። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው፤ ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ በስለት ተፍቆና በድንጋይ ተለዝቦ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሥጋው ግን አስቀድሞ ለማዕድ ውሎአል። ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ሥር ከተፋቀ ጥላሸት፣ ከተቆላና ከተወቀጠ እህል፣ ከቅጠልና ከሙጫ ተበጥብጦ በሸክላ ውስጥ ለብዙ ጊዜ እንዲብላላ ይቀመጣል። ብርዑ የውሃ ዳር መቃ ነው። እንግዲህ ወንጌሉን ያወጣው ይኸው ምድጃ፣ ይኸው ማሰሮ፣ ይኸው የባሕር ዳር ሣር ነው፤ ንጉሥ ወርቅ ቢሰጥ ለመስቀሉና ለመጐናጸፊያው ነው እንጂ፣ ለጽሕፈት የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከማንኛውም ባላገር ጓዳ ይገኝ ነበር።

ሥርዓተ ማኅበሩም እንዲሁ ነው። በአንድነት ገዳም መነኰሳቱ የግል ገንዘብ የላቸውም፤ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ መቁነናቸውን በእኩልነት ይቀበላሉ፤ ገበሬው፣ እንጨት ሰባሪው፣ ውሃ ቀጂው፣ እህል ፈጪው፣ ዳቦ ጋጋሪው ሁሉ ከማኅበሩ ነው። ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ፣ በባላገሩ ቤት የሴት ዕጣ ተብሎ የተተወው ሥራ ሁሉ በገዳሙ የወንድ መነኰስ ሥራ ሆነ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ወንድ ልጅ ከወፍጮ ሥር ቢንበረከክ ነውር ነበርና፤ በሐይቅ ግን ያው መንበርከክ ትሩፋት ሆኖ ተቈጠረ።

የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ነገር የማነሣውም ስለዚህ ነው። ጊዮርጊስ በወሎ ሰግላ ከካህን ቤተ ሰብ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ሐይቅ ተላከ፤ ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ገድሉ እንደሚተርከው ለሰባት ዓመት ያህል ፊደሉ ከልቡ ሳይዋሐድ ቀረ፤ በዚያም ጊዜ ሁሉ ለማኅበሩ እህል በመፍጨት ያገለግል ነበር፤ ወፍጮውን እየገፋም ወደ እመቤታችን ይጸልይ ነበር፤ እርስዋም ጽዋዐ ልቡና አጠጣችውና ምሥጢር ሁሉ ተገለጠለት። ይህ የትውፊት ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በመጻሕፍት የተመሰከረ ታሪክ ነው፤ ያ ፈጪ ልጅ መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰ፣ አርጋኖነ ማርያምን የጻፈ፣ በ1416 ዓ.ም. መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸመ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የድርሰት ታሪክ ከማኅሌታይ ያሬድ ቀጥሎ ስሙ የሚጠራ ሊቅ ሆነ። በዓሉ ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል።

ይህን ታሪክ የሚሰብኩ መምህራን ብዙ ጊዜ ጽዋውን ያጐላሉ፤ ወፍጮውን ግን ችላ ብለው ያልፉታል። እኔ ደግሞ ወፍጮውን እንዲያስቡት እለምናለሁ። እህል ፈጭቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ወፍጮ የራሱ ምት አለው፤ መጁ ሲሄድ አንድ፣ ሲመለስ ሁለት፣ እጅ እህሉን ሲያቀርብ ደግሞ ጥቂት ዕረፍት፤ ጉልበት ተንበርክኮ፣ ጀርባ እየጐነበሰ፣ ሌሊቱ በዚህ ምት ያልፋል። ሰዓታት ደግሞ የሌሊት ጸሎት ነው፤ በምልጣንና በተሰጥዎ፣ ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚዜም ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በሌሊት ሲፈጭ የኖረ ልጅ፣ ካህናት በሌሊት የሚቆሙበትን ጸሎት መድረሱ ድንገተኛ አይመስለኝም፤ ሌሊትን በሥራና በዜማ ማሳለፍን አስቀድሞ ከድንጋዩ ተምሮታልና። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ነገር ግን በገጠር ቤት እናቱ እየፈጨች ስታንጐራጉር የሰማ ሰው የማይቀበለው አይመስለኝም።

ደሴቲቱ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ምን ትመስል እንደ ነበረ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጽፎልናል። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ይህ ሰው፣ ሐይቅን አይቶ በደሴቲቱ ስላሉት ብዙ መነኰሳት፣ በባሕሩ ስላሉት ጉማሬዎች፣ ከሣር ተሠርቶ ቅል ስለሚታሰርበት ታንኳ፣ ከዚህም ሁሉ ይልቅ ስለ ሎሚው፣ ስለ ብርቱካኑና ስለ ትርንጎው ተናግሮአል። መናኝ ጣዕምን ይንቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ የሐይቅ አባቶች ለራሳቸው በመቁነን የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የትርንጎ ዛፍ ተክለው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ለእንግዳ ፍሬ የሚያቀርቡ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ወደ ሐይቅ ደረሰ፤ የገዳሙም ሀብት ተወሰደ። በኋላ ዘመን ደግሞ የባሕሩ ውሃ እየሸሸ ሄደና ደሴቲቱ ከምድር ጋራ ተያያዘች፤ ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይደረሳል።

ከገዳሙ ወደ ባላገሩ ቤት የወረደው ምን ነበር? በመጀመሪያ ደረጃ የጊዜ ሥርዓት ነው። የሐይቅ መምህር ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን በነበረው ዘመን የንጉሡን ሰዓት ሲጠብቅ፣ የባላገሩንም ቤት ሰዓት የሚጠብቀው ጾሙና በዓሉ፣ ማኅበሩና ዝክሩ ነበር። በወር አንድ ቀን የጻድቁን ወይም የእመቤታችንን ጽዋ በሚጠጣ ማኅበር ውስጥ ያለች ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ተራዋ ሲደርስ ጠላ ትጠምቃለች፣ ድፎ ትደፋለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ቄሱ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይቈርሳል፤ ልጆች ከአባታቸው ጀርባ ቆመው ተአምሩ ሲነበብ ይሰማሉ። ፊደል ያልቈጠረ ቤተ ሰብ ሥነ ጽሑፍን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነበር፤ መጽሐፉ ከዳቦው ጋራ አብሮ ይመጣ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ የጥበበ እድ ነገር አለ። በአካባቢው ቤት ሁሉ ሴቲቱ ጥጥ ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፤ ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ሰጥታ ነጠላውንና ጋቢውን ታሠራለች። ስንደዶና አክርማ በክረምት ማለቂያ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ከፊሉ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ በወስፌ እየተሰፋ ሞሰብ፣ ሰፌድ፣ አገልግል ይወጣዋል። የሞሰብ አለላ ልክ እንደ ብራናው ሐረግ ነው፤ ሁለቱም ከአንዲት መስመር ተነሥተው፣ ተሻግረውና ተጠላልፈው ተመልሰው ይገጥማሉ። የብራናውን ሐረግ ያወጣው ጸሐፊ በገዳም መዝገብ ይታወሳል፤ ሞሰቡን የሰፋችው ሴት ስም ግን ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ አያልፍም፤ ይህም ታሪካችን ያልከፈለው ዕዳ ነው።

ነገር ግን ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ቤት የሚጽፍ ሰው ስለ ክርስቲያኑ ብቻ ጽፎ ቢያቆም ግማሹን ብቻ ተናገረ። በተሁለደሬም ሆነ በአምባሰል ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቀበሌ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ የዘር ሐረግ የሚኖሩ ናቸው፤ የአባቱ ስም የሙስሊም፣ የአያቱ ስም የክርስቲያን የሆነ ሰው በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰርግና በሐዘን ጊዜ ሁለት በሬ ወይም ሁለት በግ ለየብቻ ይታረዳል፤ የሚያርደው ሰው፣ ድስቱም ማዕዱም የተለየ ነው፤ ጨዋታው ግን አንድ ነው። ለክርስቲያኑ ጠላ ሲቀዳ ለሙስሊሙ ቅሪቦ ይቀዳል። ይህን ሥርዓት አዋጅ አላወጣውም፤ ባለ ቤቶቹ ሴቶች፣ ሁለት ወገን ዘመድ ሳይከፋው እንዲመለስ ሲሉ፣ በየጓዳቸው የደነገጉት ነው፤ እኔም ከብዙ የመንግሥት ሕግ የበለጠ ጥበብ ያለበት ይመስለኛል።

የወሎ ሙስሊም ቤት ለአገሪቱ ያበረከተው መንዙማውንና ቡናውን ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጃማ ንጉሥ ከተባለው ቦታ የተነሡት ሼኾች የመውሊድን በዓል በወሎ አስፋፉ፤ ከእነርሱም በኋላ የመጡ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ እየጻፉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ፊደል ያወቀውም ያላወቀውም በየቤቱ ሐድራ በሚባለው የዱዓና የዜማ ጉባኤ ጊዜ እንዲያዜመው አደረጉ። ሐድራው ያለ ቡና አይሆንም፤ ጀበናው ይጣዳል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ ዱዓው ይደረጋል፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው በየተራው ይቀዳል። በክርስቲያኑ ወገን ግን ቡና መጠጣት እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ድረስ የእስላም ልማድ ነው እየተባለ በካህናት ዘንድ ይነቀፍ ነበር፤ በሰፊው የተለመደው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት ማግኘት ሲያስቸግር፣ ይህ ልማድ የተሻገረው ሙስሊምና ክርስቲያን በተጋቡባቸው፣ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት በሚጫጫርባቸው እንደ ወሎ ባሉ አገሮች ድልድይነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሐይቅ ወደ አምባሰል ሲወጣ ወሬው ስለ አምባዎች ይሆናል። ከእነዚህ አምባዎች ሁሉ የከበረችው ግሸን ናት፤ አናትዋ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባባት፣ መስከረም 21 ቀን ከአገሩ ሁሉ ምእመናን የሚወጡባት ቦታ ናት። የነገሥታት ልጆች በመንግሥት ላይ እንዳይነሡ የሚጠበቁትም በዚህች አምባ ነበር። ወሬውም ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ደረሰና ጆን ሚልተን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1667 ዓ.ም. ባሳተመው ቅኔ አምባይቱን ከገነት ጋራ አነጻጽሮ ጠራት፤ ሳሙኤል ጆንሰንም በዚሁ አቈጣጠር በ1759 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያዊው ልዑል ራሴላስ በጻፈው ልብ ወለድ፣ መሳፍንቱ የሚዘጉበትን ቦታ ደስታ ሁሉ የሞላበት ሸለቆ አድርጎ አቀረበው። እውነተኛይቱ ግሸን ግን ነፋስ የሚመታት አለት ናት፤ መሳፍንቱም በደስታ ብዛት የሰለቹ ሳይሆኑ በእስር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህም ሆኖ መጽሐፍና ዜማ ተምረውባታል፤ ከዚያች አምባ ወርደው በ1487 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ናዖድ በማርያም ድርሰት ስማቸው የሚነሣ ንጉሥ ናቸው።

የአምባይቱ ጠባቂና የአገሩ ገዢ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ ይህ ማዕርግ የአምባሰል ብቻ ነው። ከዚህ ቤት የተወለዱት እቴጌ መነን አስፋው የጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስሒን ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ ወይዘሮ ስሒን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ሲሆኑ በደሴ ያለው ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እቴጌይቱም በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሴቶች ልጆች በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የአምባሰል ልጅ ይህን ማድረጓ የሚገባ ነው፤ ታላላቆቹ የወሎ ቤቶች ሴት ልጅን ፈትልና ባልትና ብቻ ሳይሆን ዳዊትም ማስተማርን ያውቁ ነበርና። አውሮፓውያን ከአምባሰል ከግሸን ሌላ የሚያውቁት የውጫሌን ስም ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል ያመጣውን ጦርነት ሁሉም ስለሚያውቀው እዚህ አላነሣውም።

የአምባሰልን ስም ከውጫሌ ውል ይልቅ በየቤቱ ያስገባው ቅኝቱ ነው። የዘመናዊ ዘፈናችን መሠረት ከሆኑት ከአራቱ ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል በአምስት ድምፅ የቆመ ሆኖ፣ ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው እርምጃ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ክራሩ ገና ሲቃኝ አንዳች የተጨነቀ፣ የተማጠነ ስሜት ይሰማበታል፤ ገደል ለገደል የሚጣራ ሰው ድምፅ ያለበት ዜማ ነው። ማሪቱ ለገሠ በዚህ ቅኝት ስታዜም የሰማ፣ አገሩን ባያየውም እንኳ አቀበቱንና ሸለቆውን ያውቀዋል። ይህ ዜማ በመድረክ ከመሰማቱ በፊት ግን የሰርግ ዋዜማ፣ የደቦ፣ የከብት ጥበቃና የወፍጮ ዜማ ነበር፤ ሕዝቡ ሥራውን ሲሠራበት ኖረ፤ ዘፋኞቹም ከዚያ ተቀበሉት።

ይህ ሁሉ ኑሮ ብዙ ጊዜ ተሰብሮአል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ ሞሰብን ባዶ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰብን በትኖአል፤ እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ ያላስተላለፈችው ስንት የባልትና ዘዴ፣ ስንት የፈትል ጥበብ፣ ስንት ዜማ በመንገድ ላይ እንደ ቀረ የቈጠረው የለም። ለተረፉት ግን አዲስ ነገር አልጠፋም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዘር በሐይቁ ተጨመረና ዓሣ በሐይቅ ከተማ ቤቶች ተወዳጅ ምግብ ሆነ፤ ወጡ፣ ጥብሱና ዱለቱ ለዚያ አገር የአንድ ትውልድ ፈጠራ ናቸው።

የናፍጣ ወፍጮ ደግሞ ሴቶቻችንን ከሌሊት ድካም አሳርፎአል፤ ያን ድካም የሚመኝ ሰው የለም፤ መመኘትም አይገባም። ነገር ግን መጁ ሲቀር ከመጁ ጋራ ይዘፈን የነበረው ዜማም ዝም አለ። በገዳሙ የአባ ጊዮርጊስ መጻሕፍት ተጠብቀው ሲኖሩ፣ እርሱ ያወቀውን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት ሴቶች ያንጐራጐሩት ግን በየትኛውም ብራና አልሰፈረም። በእጃቸው የፈጩት ሴቶች ዛሬ አርጅተዋል፤ ጥቂቶቹ ግን በተሁለደሬና በአምባሰል ቀበሌዎች ገና በሕይወት አሉ። ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ደብተርና መቅጃ አስይዛችሁ ወደ አያቶቻቸው ላኩ፤ የወፍጮውን ዜማ ከቃላቸው ይቅዱ፣ የቅሪቦውንና የድፎውን አሠራር በመጠኑ ይጻፉ፣ የአለላውን ቀለም ከምን እንዳወጡት ይጠይቁ፤ ከያንዳንዱም በታች የተናገረችውን ሴት ሙሉ ስም ያስፍሩ።